አባታችንን ለመለሰችልን ፋርማሲስት

ዛሬ ጠዋት አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ በራሱ እጅ ቆልፎ ሳሎን ገባ። ከዚህ በኋላ ዝም ብል እግዚአብሔርም አይወደውም ብዬ ይህን ጻፍኩ።

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ የእጅ ጽሕፈቱ የተመሰከረለት። ከአራት ዓመት በፊት ፊደሎቹ እያነሱ ሄደው መጨረሻ ላይ የጉንዳን ሰልፍ መሰሉ። "እርጅና ነው" ተባልን። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር "ቫይታሚን ይውሰድ" ተባልን። ስንቱ ጋ ዞርን፣ ስንት ብር ከፈልን! በኋላ አንድ የነርቭ ሐኪም ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ መሆኑን ነግረውን ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ክኒን ጀመረ፤ ተሻለውም።

ዘንድሮ ግን ሌሊት ሌሊት የሌሉ ሕፃናት ይታዩት ጀመር። "እነዚህን ልጆች እራት አብሏቸው እንጂ" ይለናል። ደንግጠን የወሰድነው ቦታ፣ ሌላ ምን ይወስዳል ብሎ የጠየቀ ሳይኖር ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ መድኃኒት ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን አባዬ እንጨት ሆነ። ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ ከአልጋ ለሁለት ነበር የምናነሳው። ተመልሰን ስንሄድ "በሽታው ብሶበት ነው፣ መጠኑ ይጨመር" ተባለ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የተጨመረውን ልገዛ ነው ሳሪስ ያለችው ትንሽ ፋርማሲ የገባሁት። ልጅቷ ማዘዣውን አየችና "አባትሽ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለችኝ። ስነግራት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይቅርታ እህቴ፣ ሐኪማቸውን ሳላናግር ይሄን አልሸጥልሽም።" ወረፋ የያዙትን ይቅርታ ጠይቃ፣ በራሷ ስልክ፣ እዚያው ፊቴ ለነርቭ ሐኪሙ ደወለች።

ብዙ አስረዳችኝ፤ የገባኝ ይሄ ነው፦ በፓርኪንሰን ጊዜ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሳል፣ ክኒኑ እሱን ይተካል። ሃሎፔሪዶል ደግሞ ያው ዶፓሚን ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላል። "አንዱ እንስራውን ይሞላል፣ ሌላው አፉን ይደፍነዋል" አለችኝ። የሚታዩት ሕፃናትም ከራሱ ከፓርኪንሰን መድኃኒት ሊመጡ ይችላሉ አለች። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድም እንደዚያው ስለሚያደርግ፣ ማንም ሊሰጠው ቢል እንድንናገር አስጠነቀቀችን።

ሐኪሙ ሃሎፔሪዶሉን አስቆሙት፣ የበፊቱንም አስተካከሉ፣ በምትኩ ኩዊታፒን የሚባል ሌላ መድኃኒት በትንሹ ጀመሩለት። ቀስ በቀስ አባዬ ተፈታ።

እሷ ጋ ስወስደው ከጠረጴዛዋ ወጥታ ወንበር አቀረበችለት። የክኒኑን ሰዓት እሷ አልጻፈችም፤ "የኔታ፣ እርስዎ ይጻፉልኝ" ብላ እስክሪብቶውን ሰጠችው። ካርቶኑ ላይ "ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1" ብሎ ሲጽፍ ሳትቸኩል ጠበቀችው። ሽሮ ይወዳል ብያት ነበር፤ ሽሮም ሥጋም እንቁላልም ክኒኑን ሊሻሙት ስለሚችሉ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በውሃ እንዲወስድ ነገረችን። ሽሮውን ግን አልከለከለችውም፣ ተባረኪ!

ወገኖቼ፣ ፓርኪንሰን ያለበት ወይም የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ያላችሁን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ታያለች። በራሳችሁ ግን ምንም አታቋርጡ፤ ይሄን ደጋግማ ነው የነገረችኝ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ቦታውን በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ።