መኮንኖች ክበብ በር ላይ ቲማቲም የሚሸጥበት ሰፈር

ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ቤት አስተያየት ይጽፋል። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ስለ ሰፈር ልጻፍ። ለሥልጠና ጀርመን ሄጄ ሦስት ሳምንት የተቀመጥኩበት ሰፈር ቮባን ይባላል። ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ ነው።

ጅማ እንደገባሁ መጀመሪያ ያወራሁት ለአባቴ ነው። አባዬ በወታደርነቱ ዘመን ብዙ ካምፕ ኖሯል። አቦሉን እየጠጣን "የነበርኩበት ቦታ ድሮ የጦር ካምፕ ነበር" ስለው ሲኒውን አስቀመጠ።

"አፈረሱት?"

"ሁሉንም አላፈረሱትም፣ አባዬ።"

ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ጦር ገባበት። ስሙም የአንድ ፈረንሳዊ የምሽግ መሐንዲስ ስም ነው። ወታደሮቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ለቀው ሲወጡ ከተማዋ አብዛኛውን መሬት ከፌደራል መንግሥቱ ገዛች። 40 ሄክታር ገደማ ነው። ዛሬ ከ5,000 በላይ ሰው ይኖርበታል።

በጣም የወደድኩት መሬቱን የሰጡበትን መንገድ ነው። ለአንድ ትልቅ አልሚ ጠቅልለው አላስረከቡትም። በትንንሹ ቆራርሰው ብዙውን ለቤተሰቦችና በማህበር ለተደራጁ ሰዎች ሸጡ። እኛም አገር በማህበር ተደራጅቶ ቤት መሥራት አለ፤ አዲስ ነገር አይደለም። እዚያ ግን ማህበርተኞቹ ከአርክቴክቱ ጋር ቁጭ ብለው ደረጃው የት ይሁን፣ ግቢው የጋራ ይሁን ወይ ይከፈል ብለው ተከራክረው ነው የሠሩት። ስለዚህ አንዱ ቤት ከሌላው አይመሳሰልም። ከድሮዎቹ የወታደር ቤቶች ከፊሎቹ የተማሪዎች መኖሪያ ሆነዋል። ሌሎቹን ደግሞ አቅም የሌላቸው ሰዎች ተሰባስበው በገዛ እጃቸው አድሰው ገብተውባቸዋል። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ቀለማቸው ደማቅ። ትልልቆቹን የካምፑን ዛፎችም አልቆረጡም፤ መንገዱን ነው በዛፎቹ ልክ ያወጡት። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያሉትን የጣልያን ጊዜ ቤቶች ባየሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

መኪና ሰፈሩ ውስጥ አይቆምም ማለት ይቻላል። መኪና ያለው ሰው ዳር ካሉት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ቦታ መግዛት አለበት፤ ዋጋው ብዙ ሺህ ዩሮ ነው። ትራሙ የሚሄደው ሣር ላይ ነው። ሐዲዱ መሀል ሣር በቅሎ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከባጃጅ ጩኸት ለመጣ ሰው መጀመሪያ ያስደነግጣል። በረንዳዬ ሥር አንዲት ሕፃን አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ቤት ስትሥል አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋት። ማንም ክላክስ አላደረገባትም።

ስለ ውሃው ትንሽ ታገሡኝ፣ ሙያዬ ነው። በቤቶቹ መሀል ጎድጎድ ያሉ ሣር የለበሱ ቦዮች አሉ። የጣሪያው ዝናብ ወደነሱ ይወርድና ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ አየሁት፤ ውሃው ይጠራቀማል እንጂ አይሮጥም። እኛ ጋ የዝናብ ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ተወርውሮ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ቦዩ በፌስታል ከተደፈነ ደግሞ ሰው ቤት። ጅማን የሚያህል ዝናባም ከተማ የኮሪደር ልማት እየሠራ ይህን ነገር ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ሣርና አካፋ ነው የሚፈልገው።

ቅር ያለኝም አለ። ኪራዩ ውድ ነው። ለአንዲት ጠባብ ክፍል የከፈልኩትን ለእማዬ አልነገርኳትም። ሰዉም በኑሮ ደረጃው ተቀራራቢ መሰለኝ፤ ጉልት የምትቸረችር እናት እዚህ የት ትገባለች ብዬ አስቤያለሁ። አንድ ካፌ ደግሞ፣ ስሙን ልተወው፣ "የኢትዮጵያ ቡና ነው" ብሎ ያቀረበልኝ ያረረ ነበር። የጅማ ልጅ ነኝና አዘንኩ።

የገበያውን ነገር ሳነሳ አባዬ ፊቱ ተለወጠ። የድሮው የመኮንኖች ክበብ አሁን የሰፈሩ የጋራ ቤት ነው። ስብሰባ ይደረግበታል፣ ምግብ ይበላበታል። ደጃፉ ላይ ያለው አደባባይ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ይቆምበታል። ገበሬው ቲማቲሙን፣ ማሩን፣ አይቡን ይዞ ይመጣል። እንደ ጅማው ሂርማታ የሐሙስ ገበያ አይሰፋም፤ ግን ሰው እንደኛው ቆሞ ያወራል።

"መኮንኖች ክበብ በር ላይ?" አለኝ።

"አዎ። እኔም እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ቲማቲም በልቻለሁ።"

"እኛ እኮ እዚያ በር ላይ ቆመን አናውቅም፣ ልጄ። በዚያ ስናልፍ ሰላምታ ሰጥተን ነው።"

ሁለተኛውን ቀዳሁለት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያጎላ አየ።

በዚያ የምታልፉ ካላችሁ ከዋናው ባቡር ጣቢያ 3 ቁጥር ትራም ያደርሳችኋል። ረቡዕ ከሰዓት ሂዱ። ቡናችሁን ከቤት ያዙ።