ፍሬኑ ይይዛል፤ ሰንሰለቱም ሱሪ ይይዛል

በመስከረም መጀመሪያ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ፣ ከጣና ዳር ብዙም ከማይርቅ አንድ አከራይ ዘንድ መታወቂያዬን አስይዤ ለግማሽ ቀን ብስክሌት ተከራይቼ ነበር። ከተማዋ ሜዳ ላይ ያለች ስለሆነች ማርሽ የሌለው መሆኑ አላሳሰበኝም። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም በሚገባ ይይዛል፣ ጎማዎቹ ጥርሳቸው አላለቀም፣ አከራዩም ንፋሱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሳያረጋግጥ አላስወጣኝም። ሰው የሚገድለው ነገር ሁሉ ታይቷል ማለት ነው። ያልታየው ሰው የሚያሳፍረው ነው።

የሰንሰለቱ መከለያ ወልቋል። ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል በመሆኑ መከራውን ሁሉ የተቀበለው ቀኝ እግሬ ነው፤ ገና ጊዮርጊስ ሳልደርስ የሱሪዬ ጫፍ ጥርሱ ውስጥ ገባና ፔዳሉ ቀጥ አለ፣ እግሬም አብሮት ቆመ። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ማዞር እንጂ ሱሪን መጎተት እንደማይገባ የገባኝ ከጎተትሁ በኋላ ነው።

የኮርቻው ቡሎንም ላልቶ ኖሯል። በግንቦት 2016 የተመረቀውን ባለ 380 ሜትሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስጀምር ኮርቻው በልኬ ነበር፤ ተሻግሬ ወደ ቤዛዊት ስታጠፍ ግን ቀስ በቀስ ሰምጦ ጉልበቶቼ ከመሪው ጋር ይጋጩ ጀመር። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከፊት ለፊቴ መጡ። ሽማግሌ በዝምታ አይታለፍምና አንድ እጄን ከመሪው አንሥቼ ከወገቤ ዝቅ ስል፣ ብስክሌቱም አብሮኝ ወደ እርሳቸው ዞረ። አዛውንቱ ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወደ ጎን ፈንጠር ካሉ በኋላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ሰላምታው ከነብስክሌቱ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ይቅር ይበሉኝ አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ይህን እንኳ በአከራዩ ላይ አላላክክም፤ ቡሎኑን ግን አላክካለሁ።

የኋላው ፓራፋንጎ ጨርሶ የለም። ክረምቱ ጥሎት የሄደውን ኩሬ ባለፍሁ ቁጥር ጎማው ጭቃውን አንሥቶ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምርብኝ፣ እኔ የማየው ፊት ለፊቴን ብቻ በመሆኑ ምንም አላወቅሁም፤ ቡና ልጠጣ ተቀምጬ ከኋላዬ ያሉት ለምን እንደሚሣሣቁ የተረዳሁት ወንበሩን ለቅቄ ስነሣ ነው። ማምሻውን በሐይቁ ዳር የሚያንዣብቡት ትንኞች ደግሞ ለእግረኛ ከቁጥር የማይገቡ ሲሆኑ፣ ለሚጋልብ ሰው ግን በዓይንና በአፍ ይገባሉ። አፌን መዝጋት የጀመርሁት ከሁለተኛዋ በኋላ ነው።

ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ሰውየውም ትሑት ስለሆነ ተመልሼ መከራየቴ አይቀርም፤ ብቻ ለሱሪዬ ላስቲክ፣ ለኮርቻው መፍቻ ይዤ እሄዳለሁ። ብስክሌቱን ስመልስ አከራዩ ቅባት የጠጣውን ቀኝ እግሬንና የተሰመረበትን ጀርባዬን ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን እንደገና በአውራ ጣቱ ተጫነና፣ «እሱስ ምንም አልሆነም» ብሎ መታወቂያዬን ሰጠኝ።