ለሞቃት ፕሬሪ የወፍ አደን ውሻ ስትገዙ፦ ፖይንተር፣ ጀርመን ሾርትሄር ወይስ ብሪታኒ?

የወፍ አደን ውሻ ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሐሳቡ የሚመጣለት የኖቬምበር ጠዋት ነው። ውርጭ ያረፈበት ሣር፣ የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ዳር ላይ ደርቆ የቆመ ውሻ። ውሻውንም የሚመርጠው ለዚያ ጠዋት ነው። ፕሬሪ በሚባሉት የአሜሪካ ታላላቅ የሣር ሜዳዎች ላይ ግን ወቅቱ የሚከፈተው በብርድ አይደለም። ሞንታና ውስጥ ሻርፕቴል ግራውዝ የሚባለው ቆቅ መሰል የሜዳ ወፍና የሀንጋሪ ቆቅ አደን የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ነው። ሳውዝ ዳኮታ የግራውዝ ወቅቱን የሚከፍተው በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያልፍ ማንም አይገረምም። ጥላ የለም። ኩሬው ደርቋል። ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው።

ስለዚህ የእኔን ሐሳብ ቀድሜ ልናገር። ውሻውን ለሴፕቴምበር ግዙት። በሴፕቴምበር ሙቀት የሚሠራ ውሻ በኖቬምበርም አያሳፍርም፤ ቢበዛ ሥራው ሲያልቅ ሞቅ ያለ ልብስ ጣል ታደርጉለታላችሁ። ለብርድ የተገዛ ወፍራም ውሻ ግን በሙቀቱ ምንም ብታደርጉለት አይሆንም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም። መዳፉ ላይ ትንሽ ላብ አለው፣ እሱም ለቁም ነገር አይበቃም። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ደረቅ አየር ለዚህ ጥሩ ነው፣ ምራቁ ቶሎ ይተናል። ግን ያው ትነት ውሃውን ያሟጥጥበታል፤ የደረቀ አፍንጫ ደግሞ ጠረን አይዝም። ጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲሮጥ ከዚያ ይወጣል። 41ን ካለፈ ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሳውዝ ዳኮታ የፌዛንት (ረጅም ጭራ ያለው ትልቅ የዱር ወፍ) አደን የተከፈተበት ቅዳሜና እሑድ ያልተጠበቀ ሙቀት መጥቶ ብዙ ውሾች አልቀዋል። ያውም ኦክቶበር ላይ።

እንግዲህ ዝርያዎቹን ጎን ለጎን እንያቸው። ሦስቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ገዢ መጨረሻ ላይ የሚያመነታው በእነሱ መሐል ነው።

ፖይንተር

ክፍት ሜዳ ላይ ፖይንተርን የሚስተካከል የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጸጉሩ አጭርና ስስ ነው። አብዛኛው ሰውነቱ ነጭ ሆኖ ቡናማ፣ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር ጣል ጣል ይልበታል። ወንዱ ከ25 እስከ 34 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ቀለል ትላለች። ለድርጭት አደን ውሻ የሚያሳድጉ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች አሰልጣኞች በየበጋው ፖይንተሮቻቸውን ጭነው ወደ ኖርዝ ዳኮታና ወደ ካናዳ ሜዳዎች ይወጣሉ። የቆየ ልማድ ነው። ውሻው እግሩን ዘርግቶ እንዲሮጥና የዱር ወፍ እንዲያገኝ ብለው ነው።

ሩቅ መሮጥ ለምን ይጠቅማል? ሻርፕቴል እንደ ፌዛንት አንድ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ አይከማችም። ጠዋት ኮረብታው አናት ላይ፣ ሣሩ አጠር ያለበት ቦታ አንበጣ ሲለቅም ታገኙታላችሁ። ፀሐይዋ ስትበረታ ወደ ሸለቆው ወርዶ ቁጥቋጦ ስር ይጠለላል። በመሐል ያለው ሁሉ ባዶ ሜዳ ነው። በእግራችሁ ሁለት ሰዓት ተጉዛችሁ አንድ መንጋ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፖይንተር ያንን ባዶ ሜዳ በእናንተ ፈንታ ይሮጠዋል። ወፍ ሲያሸት 300 ወይም 400 ሜትር ርቆ ወደ ወፉ ዞሮ ደርቆ በመቆም ይጠብቃችኋል፤ መጠቆም የሚባለው ይህ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ጫጩቶቹ ገና ስለማይደነብሩ ጠጋ ብላችሁ ለመተኮስ ጊዜ አላችሁ።

ጣጣው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የጂፒኤስ ኮላር (ውሻው የት እንዳለ የሚያሳይ የአንገት ማሰሪያ) የግድ ነው። የጋርሚን አልፋ ዓይነት መሣሪያ ርካሽ አይደለም፤ ፖይንተር ስትገዙ ዋጋውን በውሻው ዋጋ ላይ ደምሩት። ሁለተኛ፣ የወደቀ ወፍ ማምጣት ላይ ብዙዎቹ ሰነፎች ናቸው። ክንፉ ብቻ የተመታ ግራውዝ ሣር ውስጥ ሮጦ ቢገባ፣ በደረቅ ቀን ጠረኑ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ወፉ ጠፋ ማለት ነው። ሦስተኛው እኔን የሚያሳስበኝ ነው፤ ጥሩ ፖይንተር መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። እስኪወድቅ ይሮጣል። የማቆም ኃላፊነት የእናንተ ነው፣ ውሻው ደግሞ ከዓይናችሁ ርቋል።

ጀርመን ሾርትሄር

አንድ ውሻ ብቻ የሚኖረው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ብዙ ሳላስብ ይህንን ነው የምለው። ከ20 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናል። ጸጉሩ አጭር ነው። ሜዳው ላይ ከ100 እስከ 250 ሜትር ድረስ ወጥቶ ይፈልጋል፣ ቀና ስትሉ አብዛኛውን ጊዜ ይታያችኋል። ጀርመኖች ያራቡት አንዱን ውሻ ለሁሉም ሥራ ብለው ነው፤ እንዲጠቁም፣ እንዲከታተል፣ ውሃ ውስጥ እንዲገባ፣ የወደቀውን እንዲያመጣ።

ማምጣቱ በሙቀት ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለው። አፉ በወፍ የተሞላ ውሻ እንደልቡ ማለክለክ አይችልም። ከ150 ሜትር ርቀት ግራውዝ ይዞ የሚመለስ ውሻ በጣም የሚሞቀው በዚያች ሰዓት ነው። ስለዚህ ቆማችሁ አትጠብቁት። ሄዳችሁ ተቀበሉት፣ ምላሱ ላይ የተጣበቀውን ላባ በጣታችሁ ጥረጉለት፣ ከዚያ ውሃ ስጡት። ሾርትሄር ይህን ሥራ ይወዳል፣ ስለዚህ ልታስቡለት ይገባል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበል። ሙሉ ለሙሉ ቡናማ የሆነ ሾርትሄር ሲያዩት ያምራል። ሣሩ በደረቀ ጊዜ ግን ቆሞ እየጠቆመ እንኳ አይታይም። ነጭ የበዛበትን ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ ለደህንነትም። ብርቱካናማ ጃኬት ይለብሳል ካላችሁ በሴፕቴምበር ጃኬቱ ራሱ ሙቀት ይጨምርበታል። ብርቱካናማ ኮላር ይበቃል።

ሌላው ጉዳይ ዘሩ ነው። አንዳንዱ የሾርትሄር መስመር ለውድድር ተብሎ ከፖይንተር እኩል ሩቅ የሚሮጥ ሆኗል። አንዳንዱ ደግሞ ከእግር ስር አይጠፋም። “ሾርትሄር ገዛሁ” ብሎ ዝርያው ላይ ብቻ መተማመን አያዋጣም። ወላጆቹ ሲሮጡ ማየት አለባችሁ።

ብሪታኒ

ከሦስቱ ትንሹ ነው። ከ14 እስከ 18 ኪሎ። ሰው ሲያየው ይንቀዋል፣ ሙቀት ላይ ግን ትንሽነቱ ጥቅም ነው። ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ውሃም አያስጨርሳችሁም፣ መኪና ውስጥም ቦታ አይፈጅም። ደክሞት ቢወድቅ ደግሞ ተሸክማችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። 30 ኪሎ ውሻ ትከሻ ላይ አድርጎ ሦስት ኪሎሜትር መሄድ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ችግሩ ጸጉሩ ነው። ጆሮው፣ እግሩና ሆዱ ላይ ረዘም ያለ ጸጉር አለው። የፕሬሪ ሣር ፍሬ ደግሞ እንደ ቀስት ጫፍ ሹል ነው፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። በጣቶቹ መሐል ገብቶ ቆዳውን ይወጋል፣ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ ይገባል። ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ከተጓዘ እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። ብሪታኒ የገዛ ሰው ከወቅቱ በፊት የእግሩንና የሆዱን ጸጉር በመቀስ ያሳጥር። ማታ ማታ ደግሞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ይመልከት፣ ጆሮው ስር በእጁ ይዳብስ። አሰልቺ ነው፣ ግን የግድ ነው።

አፍንጫው ጥሩ ነው፣ ለሰው ቅርብ ነው፣ ቤት ውስጥም ጸባየኛ ነው። ከ80 እስከ 200 ሜትር ድረስ ይፈልጋል። የሀንጋሪ ቆቅ ስንዴ ማሳ ዳር ለሚያድን ሰው ይህ በቂ ነው። ማለቂያ የሌለው የኔብራስካ አሸዋማ ኮረብታ ላይ ፕሬሪ ቺክን የሚባለውን የግራውዝ ዓይነት ለሚፈልግ ግን ያንሳል።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

እንግሊዝ ሴተር ከመስክ ዘር ከሆነ ቀለል ያለ፣ የሚያምር አሯሯጥ ያለው ውሻ ነው። ለትርዒት የተራባውን አትግዙ፤ ይከብዳል፣ ጸጉሩም ይበዛል። ቪዥላ የሀንጋሪ ሜዳ ውሻ ነው፣ የውስጥ ጸጉር የለውም፣ ሙቀት ይችላል። ልቡ ግን ስስ ነው፣ ቁጣ አይወድም። ትዕግሥት ላለው ሰው ከሾርትሄር ጋር ሊወዳደር ይችላል። ጀርመን ዋየርሄር በሻካራ ጸጉሩ እሾህና ብርድ ይቋቋማል፣ ለሴፕቴምበር ግን በጣም ይሞቀዋል። ኖቬምበር ላይ ረግረግ ውስጥ ፌዛንት ብቻ ነው የማድነው ካላችሁ ያኔ ሌላ ነገር ነው።

ላብራዶር ብዙ ሰው ቤቱ ስላለ “ይሄው አለኝ አይደል” ይላል። ላብራዶር አይጠቁምም፣ ከ30 ሜትር ባልራቀ ቦታ እየሠራ ወፉን ያስነሳል። ይህ ማለት ሜዳውን ሁሉ እናንተ በእግራችሁ ትሄዱታላችሁ ማለት ነው። ጸጉሩ ድርብ ነው፣ ሰውነቱ ወፍራም ነው። በዚያ ላይ ዝርያው ውስጥ ከበድ ያለ ሩጫ ሲሮጥ ኋላ እግሩ ከድቶት የሚወድቅበት የዘር ችግር አለ። በዲኤንኤ ምርመራ ይታወቃል፤ ላብራዶር ከገዛችሁ የወላጆቹን ውጤት ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ሴፕቴምበር ላይ ጎህ ሲቀድ ጀምራችሁ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ለመመለስ ከተዘጋጃችሁ ይሠራላችኋል። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ግን መኪና ውስጥ መሆን አለበት።

ቡችላ ወይስ ሥልጠና የጀመረ ውሻ?

በፀደይ የተወለደ ቡችላ ወቅቱ ሲከፈት ገና አምስት ወሩ ነው። ሜዳውን ያያል፣ ወፍ ያሸታል፣ ይበቃዋል። ሙሉ ጠዋት ማስሮጥ አጥንቱን መጉዳት ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው፣ ተኩስ የለመደ፣ ጠቁሞ የሚቆም ውሻ ዋጋው ከቡችላ ብዙ እጥፍ ነው። ኪስ ይጎዳል። ግን አሰልጣኝ የሌለው፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ፕሬሪ የሚወጣ ሰው ከሆናችሁ፣ የእኔ ምርጫ ይህኛው ነው። ቡችላ ጊዜና የዱር ወፍ ይፈልጋል፤ ከተማ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

አርቢውን ስትጠይቁ ስለ ዋንጫ አትጠይቁ። “ወላጆቹ ኦገስት ላይ ይሮጣሉ?” በሉት። የዳሌ ኤክስሬይ ውጤት ጠይቁ። ለሾርትሄርና መሰል ዝርያዎች ናቭዳ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ ማኅበር፣ እስከ 16 ወር ላሉ ወጣት ውሾች የተፈጥሮ ችሎታ ፈተና አለው። የወላጆቹ ውጤት በወረቀት ይኑር። እባብ እንዲሸሽ ሥልጠና ወስዷል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ምዕራብ ዳኮታና ምሥራቅ ሞንታና ውስጥ ራትልስኔክ ሴፕቴምበር ላይ ገና አልተኛም፤ ሩቅ የሚሮጥ ውሻ ደግሞ እባቡን የሚያገኘው እናንተ በሌላችሁበት ነው። ውሻው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ብቻ ያደገ ከሆነ፣ ምንም ዝርያው ቢያዋጣ፣ ሙቀት ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል።

ገዝታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ምላሱን ተመልከቱ። ጫፉ ሰፍቶ እንደ ማንኪያ ከተጠቀለለ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ወይም ውሻው ጥላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ስር መግባት ከጀመረ ሥራው አብቅቷል። ሆዱን፣ የእግሩን ውስጠኛ ክፍልና መዳፉን በውሃ አርጥቡት። ለአንድ ጠዋት፣ ለአንድ ውሻ ቢያንስ ሁለት ሊትር ጀርባችሁ ላይ ያዙ፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያ በላይ።

አሁን የሚቀረው ጥያቄ አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ የሚለው ነው። በጀታችሁ ከፈቀደ ለሞቃት ፕሬሪ ሁለት ብሪታኒ ወይም ሁለት ቀለል ያሉ ሾርትሄር ከአንድ ድንቅ ፖይንተር ይሻላሉ ባይ ነኝ። አንዱ አርባ አምስት ደቂቃ ይሮጣል፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። የፖይንተር ወዳጆች በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። እነሱም ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናቸው ላይ ሦስት ፖይንተር ጭነው ነው የሚሄዱት።