ከአርክቴክቶች ለጭቃ ባለሙያዎች ምስጋና፤ ቤት ለምታሠሩ ደግሞ ጥቆማ

ምስጋናችን ጭቃ ለሚያቦኩ፣ ማገር ለሚያስሩ፣ ግድግዳ ለሚመርጉ፣ ድንጋይ ለሚክቡና ቀርከሃ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። ጥቆማችን ደግሞ ለሙያ አጋሮቻችንና ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ለማሠራት ላሰባችሁ ሁሉ፦ እነዚህን ሰዎች ቅጠሯቸው። ስትቀጥሯቸው ግን ፕላኑ ካለቀ በኋላ በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ሳይሆን፣ ፕላኑ ከመነደፉ በፊት በአማካሪ ሒሳብ ይሁን። የምንለው ይኼንኑ ነው፤ የቀረው ምክንያቱ ነው።

አርክቴክቶች ስለ አየር ንብረት በኅብረት መናገር ከጀመሩ ሰንበትበት ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስተርሊንግ የተባለውን የአርክቴክቸር ሽልማት ያገኙ 17 የብሪታንያ የአርክቴክት ቢሮዎች የአየር ንብረትና የብዝኀ ሕይወት ቀውስ ውስጥ ነን ብለው በጋራ ፈረሙ፤ ጥሪው ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛመተ። ፊርማው ባይከፋም ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ በምን እንሥራ?» የሚለው ነው። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሲሚንቶ ድርሻ ነው። ጥፋቱም የማገዶው ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ሲቃጠል ድንጋዩ ራሱ ጋዙን ይለቃል፤ ከሲሚንቶ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማገዶው በንጹሕ ኃይል ቢተካ እንኳ ይህኛው ዕዳ አይወርድም። ከግቢው የተቆፈረ አፈር ግን እቶን አያውቅም፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ቤቱ ሲፈርስም ውሃ ጠጥቶ እንደገና ጭቃ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ከመጽሐፍም ማግኘት ይቻላል። ያ አፈር ግድግዳ ሆኖ ክረምትን እንዲሻገር የማድረጉ ሙያ ግን በባለሙያዎቹ እጅና እግር ውስጥ ነው ያለው።

ከአፈሩ እንጀምር። የበሰለ ባለሙያ አፈሩን ያሸታል፤ የብስባሽ ሽታ ካለው የላይኛው አፈር ነውና ይተወዋል፣ ከዚያ በታች ይቆፍራል። በውሃ አርጥቦ በመዳፉ ያሸዋል፤ እጁ ላይ ተጣብቆ አልታጠብ ካለ ሸክላው በዝቷል፣ ወዲያው ከረገፈ አሸዋው በዝቷል። ዋልካን ብቻውን አይነካውም፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ አፈር ግድግዳውንም እንዲሁ ያደርገዋል። አርክቴክቱ ከዚህ ጎን የራሱን ፍተሻ ያስቀምጣል። አንድ የብርጭቆ ማሰሮ እስከ ሲሶው በአፈር ይሞላል፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ይጨመርበታል፣ በደንብ ተንጦ ይቀመጣል፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ድረስ። የሦስቱ ንብብር በማስመሪያ ይለካል። ሌላው ፍተሻ የጥቅልሉ ነው፦ ረጠብ ያለ ጭቃ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ቅርጽ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛ ጠርዝ ቀስ እየተባለ ወደ ውጭ ይገፋል። የሚቆረጠው ቁራጭ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አፈሩ ደህና ነው፤ ካጠረ ሸክላ፣ ከረዘመ አሸዋ ይፈልጋል። የእጁና የማሰሮው ፍርድ ካልተስማሙ እንደገና መቆፈር እንጂ በወረቀቱ መከራከር አይጠቅምም።

ከዚያ ማቡካቱ ይመጣል፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው ጭቃ የሚቆይበትን ቀን አይቆጥርም። አፈሩና ጭዱ ከውሃ ጋር ተረግጠው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት መቆየት አለባቸው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። ሽታው ይቀየራል፣ ቀለሙም ጠቆር ይላል። ጭዱ እየላላ ከሸክላው ጋር ይያያዛል፤ እንዲህ የቦካ ጭቃ ለእጅ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ስንጥቁ ይቀንሳል፣ ውሃንም የተሻለ ይቋቋማል። ተቋራጭ ሲቸኩል ጠዋት የተረገጠው ከሰዓት ይመረጋል፤ ስንጥቁ በሳምንቱ ይታያል፣ ከዚያም «ጭቃ ድሮስ ምን ሊሆን» ይባላል። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ በእያንዳንዷ ጉርሻ ጭቃ ውስጥ ብዙ ክር ይገባል። የገብስና የስንዴ ጭድ ለመጀመሪያው ምርጊት ይሆናል። ለመነሻ በመጠን ሦስት እጅ አፈር ለአንድ እጅ ጭድ ተይዞ በሙከራ ይስተካከላል። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ መሆኑን ግን አንርሳ፤ ከመኸር በኋላ አስቀድሞ ካልተገዛ ዋጋው ከላሟ ጋር ያፎካክራል።

ምርጊቱ በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያው በማገሩ መካከል ተጨምቆ ይገባል፤ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ መሰንጠቁም ጥፋት አይደለም፣ የሁለተኛው መያዣ ጥርስ ይሆናል። ሁለተኛው ከመመረጉ በፊት ግድግዳው በውሃ ይርከፈከፋል። ሦስተኛው ስስ ልስን ነው፦ የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድ፣ እበት። ይህን የመጨረሻ ልስን በብዙ ቦታ የሚያውቁት እናቶች ናቸው፤ የእበቱን ትኩስነት፣ የእጁን አካሄድ፣ የማዕዘኑን ማክበብ። የግንባታ ውል ውስጥ ስማቸው ሲነሳ እምብዛም አይታይም። ምስጋናችን ለእነሱ ይበረታል።

እንጨቱ ሌላው ነገር ነው። ባሕር ዛፍ እንደተቆረጠ ካልተላጠ ነፍሳት ከቅርፊቱ ሥር ይገቡበታል። አፈር ውስጥ የተቀበረ የባሕር ዛፍ ቋሚ ደግሞ የምስጥ ቀለብ ነው። ጽድና ወይራ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን አገር በቀል ጽድ ለአንድ ቤት ብሎ መጨፍጨፍ ከአየር ንብረት ሥራ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ቋሚው ከአፈር ወጥቶ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። ይህ ሲሆን ምስጡ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መተላለፊያውን ይሠራል፣ ይታያል፣ በመጥረጊያ ይፈርሳል። የማይታይ ምስጥ ነው ቤት የሚጥለው። ዶርዜዎች ይህን በሌላ መንገድ ፈትተውታል፦ የቀርከሃው ቤት እግሩ ሲበላ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። መጀመሪያ ረጅም አድርገው የሚሠሩት አንድም ለዚህ ነው። አርክቴክት «የአገልግሎት ዘመን» ብሎ በሠንጠረዥ የሚጽፈው ነገር እዚህ በቤቱ ቁመት ላይ ተቆጥሮ ተቀምጧል።

የድንጋይ መሠረቱ ሁለተኛ ጥቅም አለው። የግድግዳውን ታች የሚበላው በቀጥታ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን መሬት ነጥሮ የሚመለሰው ነው። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ ነፋስ በሚመጣበት ጎን ከዚያም በላይ፤ ጠብታው የሚያርፍበት መሬት ላይ ጠጠር ይነስነስ። ክፈፍ ማሳጠር ዘመናዊ መልክ ይሰጣል የሚሉ አሉ። በሁለተኛው ክረምት መልኩ ይለወጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት እንምጣ፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ። የዶሮ ሽቦ ይመታል፣ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፤ ቤቱ «ብሎኬት መሰለ» ተብሎ ይመረቃል። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ጥቂት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ደርቆ የቀረ ነውና አብሮት አይንቀሳቀስም። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትፈጠራለች፣ ውሃ በእሷ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል፤ ልስኑ አያስተነፍስም። ከውጭ ቤቱ ጤነኛ ይመስላል። ከውስጥ ግን ጭቃው ወደ ልቅ ጭቃነት ይመለሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፤ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ሉሕ ተገንጥሎ ይወድቃል፣ ግድግዳውንም ይዞ። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ባለሙያዎቹ የሚያውቁት የእበት ልስን ነው፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ዕድሳት ለማይመቻቸው የኖራ ልስን አለ፦ በውሃ ቆይቶ የበሰለ ኖራ አንድ እጅ፣ ንጹሕ ሻካራ አሸዋ ሦስት እጅ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባልበለጡ ንብብሮች። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ነው፤ ስለዚህ ከፀሐይ በጆንያ ተከልሎ ለቀናት ርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በአንድ ከሰዓት ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ጓንትና መነጽር አይዘንጋ፤ ዓይን ያቃጥላል። ኖራም በእቶን የሚቃጠል ነውና ከካርቦን ዕዳ ነጻ አይደለም፤ የተወሰነውን መልሶ ይውጣል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

ስለ ቧንቧ በአጭሩ፦ መታጠቢያና ማብሰያ የሚነካው ግድግዳ ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ይሁን። የኤሌክትሪክ መስመር ከምርጊት በፊት ማገሩ ላይ ይታሰር፤ በኋላ መብሳት ጭዱን መበጠስ ነው።

ጣሪያ ላይ ሣርና ቆርቆሮ ይከራከራሉ። የሣር ክዳን 45 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቁልቁለት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ውሃው ሳይወርድ ይሰርጋል። ዕድሜውን የሚያረዝምለት አንዱ ነገር የምድጃው ጢስ ነበር፤ ጢሱ ነፍሳትን ያባርራል፣ ሣሩንም ያደርቃል። ማድ ቤቱ ወደ ውጭ ሲወጣ የሰው ሳንባ ያርፋል፣ ክዳኑ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ባህላዊ ቤት ከመካከሉ አንዱን ብቻ መዝዘው የሚወስዱት ዕቃ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ቆርቆሮ ከተመረጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ዓለም አቀፍ የአርክቴክቸር ሽልማት ያገኘው የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ ትምህርት ቤት እንዳደረገው፣ ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ተደርጎ አየር በመካከል ይለፍ። ያ ትምህርት ቤት የተሠራው ከመንደሩ ሰው ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ደጋውና ወይና ደጋው ጭቃ ቤት ነው። ሙቀት በበዛበት ቆላ ወፍራም ግድግዳ መትከል ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ታቅፎ ማደር ሊሆን ይችላል። የአርብቶ አደሮቹ ተነቃይ ቤቶች፣ የአፋር አሪና የሶማሌ አቃል፣ ቀላል የሆኑት፣ የሚነቀሉና በግመል የሚጫኑት ስለ ድህነት አይደለም፤ ግጦሽና ውሃ ስለሚንቀሳቀስ ነው። የሚሠሯቸውም ሴቶች ናቸው። እዚያ ለሚነደፍ ትምህርት ቤት ወይም መጠለያ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ በተግባር ግን ስብሰባው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹን ነው።

ለውሃ አያያዝ ወደ ኮንሶ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው እርከን ያለ ሲሚንቶ በደረቅ ድንጋይ የተካበ ነው፤ ከፍታው እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ቦታ አለ። ድንጋዩ በመካከሉ ውሃ ስለሚያሳልፍ ከኋላው ግፊት አይጠራቀምም። በሲሚንቶ የተደፈነ የድጋፍ ግንብ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ካልተተወለት ተገፍቶ የሚወድቀው ይህ ስለጎደለው ነው። የኮንሶ ድንጋይ ካቢ የተዳፋት ቦታ ፕላን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ ሳይሆን ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

እንዴት ትቀጥራላችሁ? የሥራ ናሙና ስትጠይቁ አዲስ ቤት አትዩ፤ ቢያንስ አሥር ክረምት ያለፈበትን እዩ፣ ምን እንደተበላሸና ማን እንዳደሰው ጠይቁ። ጥፋቱን የሚያሳያችሁን ሰው ያዙ። የምክር ቀኑ ለብቻ ይከፈል፤ የቦታ ጉብኝት፣ የአፈር መረጣ፣ የፕላን ውይይት። ፕላን ማንበብ ካልለመዱ በእንጨት የተሠራ ትንሽ ሞዴል ወይም መሬት ላይ በካስማና በገመድ የተወጠረ ልክ ይሻላል። የዕድሳት ሥራው ከመጀመሪያው በውሉ ይግባ፤ ቤቱ ሥራ ይሆናቸዋል፣ ባለቤቱም አዳሽ ፍለጋ አይዞርም። በፕላኑ ወረቀት ላይ የአርክቴክቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ የእነሱም ይጻፍ። የአንድን ማኅበረሰብ ቅርጽ ወይም ጌጥ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ከፈለጋችሁ የአገሩን ሽማግሌዎች አስፈቅዱ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

የወሰኑንም እንናገር። ጭቃ ፎቅ በፎቅ ለሚሆን የከተማ ሕንጻ መልስ አይደለም፤ ለአንድ ደርብ ቤት፣ ለመማሪያ ክፍል፣ በኮንክሪት ሕንጻም ውስጥ ለማይሸከም የውስጥ ግድግዳ ግን ይሆናል።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ገንዘቡ ሲለቀቅ ዝናቡ ይዘንባል። በክረምት የተጀመረ ምርጊት አይደርቅም፣ ይሻግታል። ስለዚህ ባለሙያውን በግንቦት ጥሩት። አፈሩ ይመረጥ፣ ጭቃው ይቦካ፣ ሰኔ ሳይገባ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ሦስት የሙከራ ሰሌዳዎች በተለያየ የአፈር፣ የአሸዋና የጭድ መጠን በድንጋይ ላይ ይቁሙ፤ መጠኑ በየሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ክረምቱ የፕላን መንደፊያ ይሁን፣ ሰሌዳዎቹ ያለ መጠለያ ይዝነብባቸው። በመስከረም መጨረሻ አርክቴክቱና ባለሙያው አብረው ይሂዱና የትኛው እንደቆመ ይዩ፤ በጥቅምት የሚረገጠው ጭቃ የዚያ መጠን ነው።