ለሳቢያኑ የመኪና ማቀዝቀዣ ባለሙያ ምስጋና

የድሬዳዋን ግንቦት የማያውቅ ሰው የመኪና ማቀዝቀዣን ቅንጦት ሊለው ይችላል። ከሰዓት በኋላ መንገደኛ ጭኖ ወደ ደወሌ የወረደ ሾፌር ግን ይረዳኛል። የእኔዋ የ1989 ስሪት ቶዮታ ሃይኤስ ነች። ሞተሯ ዛሬም አያሳፍርም፤ ማቀዝቀዣዋ ግን ትኩስ አየር መትፋት ከጀመረ ቆይቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ወሰድኋትና "ጋዝ ሙሉልኝ" አልሁ። ሞሉልኝ፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። ሁለት ሳምንት በረደችልኝ፣ ከዚያ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር እንደ እህል ወፍጮ ይጮህ ጀመር።

ወዳጄ ወደ ሳቢያን ሰፈር የመራኝ ያኔ ነው። ባለሙያው በድሬ ወግ "አንተ" ብሎ ተቀበለኝና ጋዝ ስለመሙላት ሳያነሳ ቱቦውን ፈታው። መኪናዋ የተሠራችው አር-12 ለሚባለው ጋዝ ነው። እሱ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደኛ ባሉ አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ቀርቷል። በምትኩ የመጣው፣ ያ ጋራዥም የሞላልኝ አር-134ኤ ደግሞ ከድሮው የማዕድን ዘይት ጋር አይዋሃድም። ዘይቱ በየቱቦው ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩም ያለ ዘይት ይፈጫል። ያ ሁሉ ጩኸት ለካ የጥም ነበር!

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። መስመሩን አጠበ፣ ለአዲሱ ጋዝ የሚስማማ ዘይት ጨመረ፣ እርጥበት መጣጩንና ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀየረ፣ የመሙያ አፎቹን ለወጠ። አየሩን በፓምፕ ለ45 ደቂቃ ከሳበ በኋላ እንኳ አልቸኮለም፤ የሚያፈስ ቦታ እንደሌለ ለማረጋገጥ የግፊት መለኪያው መርፌ ከቦታው አለመነቃነቁን ቁጭ ብሎ ሲከታተል እኔ ሰልችቶኝ ሻይ ጠጥቼ ተመለስሁ። ድሮ 1 ኪሎ ግራም ትወስድ የነበረችው መኪና አሁን 850 ግራም በቃት፤ ሲበዛ ግፊቱ ይንራል እንጂ ቅዝቃዜ አይጨምርም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ገና ቱቦውን ሳይፈታ ውስጧ የቀረውን ጋዝ በሲሊንደር መሰብሰቡ ነው። "ምን ያደርግልሃል፣ ልቀቀው" ስለው፣ "ይህኛው ኦዞንን ባይነካም ምድርን ያሞቃል። ድሬ ላይ ሙቀት ጎደለብህ?" አለኝ።

ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ እኔም ሳልከራከር አልከፈልሁም። ነገር ግን ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት "ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰር የድሮው ስለሆነ በቆመችበት እንደ ቀድሞው አትበርድም" ብሎ ነግሮኛል። እንዳለውም ሆነ። መንገድ ላይ ከማቀዝቀዣው አፍ የሚወጣው አየር 8 ዲግሪ ነው፣ ከዚራ ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ ግን 15 ይደርሳል። ተጨማሪ ማራገቢያ ይረዳል ብሎኛል፤ እጄ ሲላላ አስገጥማለሁ። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም አንድ ሳያስቀር በፌስታል አስረክቦኛል።

አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትሄዱ ግን ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው፣ ስልክም አያነሳ።