ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ መምህራን፣ ወርክሺታችሁን እዚህች የኮፒ ቤት ልጅ ጋ አስጽፉ!

ሰላም ጎረቤቶች! ዛሬ ምስጋና ልጽፍ ነው። ውስጤ ከቆየ ሰነበተ።

ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ወርክሺት ማስጻፍ እንዴት እንደሚያቃጥል መምህር የሆነ ያውቀዋል። አንዱ "ወረቀት ልቆጥብልሽ" ብሎ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ያጭቀዋል። ሌላው ፊደሉን የሰርግ ካርድ ያስመስለዋል። "አይነበብም እኮ" ስለው "ለልጅ አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው?" ብሎኝ ስልኩን መነካካት የቀጠለም አለ። ደሜ ነው የፈላው! ለልጅ ስለሆነማ ነው የሚያሳስበኝ። በፍላሽ የሰጡኝን ፋይል ትምህርት ቤት ወስጄ ስከፍተው ደግሞ ፊደሉ በሙሉ የማይታወቅ ምልክት ሆኖ ቁጭ። ያውም ከፍዬበት።

"ቡ" እና "ቢ"ን የምትለያቸው ያቺ የጎን ጭረት ናት፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ካነሰና ኮፒው ከፈዘዘ ጭረቷ ትጠፋና ሁለቱም "በ" ይመስላሉ። ከዚያ ልጁ ማንበብ አይችልም ይባላል!

አንድ ቀን ኮንዶሚኒየማችን ሥር ያለችው ትንሽዬ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ልጅቷ ጽፋ ጨርሳ አንድ አተመች። ያተመችውን ኮፒ አደረገች፤ የኮፒውንም ኮፒ። "ልጆቹ እጅ የሚገባው ይሄ ነዋ" አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶ ሊገዛ የመጣ ልጅ ጠርታ "ና እስቲ ማሙሽ፣ ይቺን አንብብልኝ" አለችው። "ሉ"ን "ለ" ብሎ አነበባት። አላረመችውም። ዞር ብላ የፊደሉን መጠን 18 አደረገች፣ መስመሮቹን አራራቀች፣ አቢሲኒካ ወደሚባለው የፊደል ዓይነት ቀየረችውና እንደገና ሰጠችው። ጥርት አድርጎ አነበበው። እስክሪብቶውንም በነጻ ሰጠችው። እኔ ለድጋሚው ሥራ ልክፈል ስል "እንዴ ቲቸር፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው" ብላ ብሩን መለሰችልኝ። እጇ ይባረክ!

ፋይሉ ለምን እንደሚበላሽም አስረድታኛለች፤ ዩኒኮድ ምናምን። እኔ የያዝኩት በፒዲኤፍ ጭምር እንደምትሰጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

ታናሽ እህቴ የኮሌጅ አሳይመንቷን በጌጠኛ ፊደል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ነበር። "ሽፋኑ ላይ የፈለግሽውን አበባ ልደርድርልሽ፣ ውስጡን ግን ለመምህርሽ ዓይን እዘኚለት" ብላ ልጅቷ አሳመነቻት። እኔ እንኳ አሳምኛት አላውቅም!

በእውነት ሂዱላት። ወላጆችም ሂዱላት። ፈተና ሰሞን ወረፋ ስላለ ጠዋት ይሻላል። ቦታው የጠፋችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።