ሁለት ወሊድ በመሐል አዲስ አበባ፦ አንዱ በነፃ፣ አንዱ በ80 ሺህ ብር ማስያዣ

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት መሐል ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከዚያ ብዙም በማይርቅ፣ የእንግዳ መቀበያው ወለል እንደ ትልቅ ሆቴል በሚያብረቀርቅ የግል ሆስፒታል። በሁለቱም ቅር ያሰኘኝ ነገር ስላለ የሁለቱንም ስም አልጠራም። ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ቀኗ የተቃረበው ታናሽ እህቴ ናት፤ «ልክፈል ወይስ ልተወው?» ብላ ከጠየቀችኝ ሳምንት ሆኗታል።

በመንግሥት የጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትልም ሆነ ማዋለድ ነፃ ነው። ያወጣነው ገንዘብ ቢኖር «አልቋል» የተባለውን ጓንትና መርፌ ባለቤቴ በር ላይ ካለው ፋርማሲ የገዛበት ብቻ ነበር። የግሉ ሆስፒታል በአንጻሩ ገና ስገባ 80 ሺህ ብር ማስያዣ ተቀበለኝ። «ፓኬጅ» የሚሉት ዋጋ ሁሉንም ያጠቃለለ ቢመስልም፣ ልጄ ቢጫ ሆኖ ሁለት ቀን በብርሃን ሕክምና ሲቆይ ሒሳቡ ለብቻው ተቆጥሯል፤ ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም።

በመንግሥቱ ሆስፒታል የከበደኝ ምጡ ሳይሆን ብቻዬን መሆኔ ነው። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ በእኔና በአጠገቤ ባለችው ወላድ መካከል መጋረጃ ስላልነበረ አስታማሚ ማስገባት አልተቻለም፤ እናቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ እስኪነጋ ከበሩ ውጭ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል አደረች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። አንድ መጋረጃ ቢሰቀል ይህን ምክር መፈጸም ይቻል ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። በዚያ ላይ አልጋ ስለተፈለገ 24 ሰዓት ሳይሞላኝ ወጣሁ፤ ያው ድርጅት ግን በሰላም የተገላገለች እናት እንኳ ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትቆይ ይላል።

ይሁን እንጂ ያዋለደችኝን ሲስተር የሚተካ ሰው በግሉ አላገኘሁም። በየግማሽ ሰዓቱ ትመጣና የእንጨት ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አኑራ፣ ጆሮዋን ደፍታ፣ ዓይኗን በእጅ ሰዓቷ ላይ ተክላ የልጁን ልብ ትቆጥር ነበር። እያዳመጠች ሳለ ማንም ቢጠራት መልስ አትሰጥም። «አይዞሽ እናቴ፣ ገና ነሽ፤ ኃይልሽን አትጨርሺ» ያለችኝ አሁንም በጆሮዬ አለ። በግሉ ሆስፒታል የልጁን የልብ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ በመቀነት ታሰረልኝ፤ ነርሷም ስክሪኑን አይታ፣ «እርስዎ ደህና ነዎት» ብላ ወጣች። ትሕትናው አልተጓደለም፤ ነገር ግን በምጥ ላይ ላለች ሴት «አንቺ» የሚላት ሰው «እርስዎ» ከሚላት የበለጠ የሚቀርብበት ጊዜ አለ።

የግሉን ጥሩነት መካድ ግን ግፍ ይሆናል። ባለቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን ይዞ ነበር፤ እናቴም ገንፎዋን ይዛ ያለ ማንም ከልካይ ገብታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ መታጠቢያው ንጹሕ፣ ደወሉም ሲነካ ሰው የሚመጣበት ነው። እውነቱን ለመናገር ከከፈልኩት ውስጥ ምንም የማይቆጨኝ ለእነዚህ ነገሮች የወጣው ነው።

ያልወደድኩት ወደ ኦፕራሲዮን የሚገፋውን ነገር ነው። በ39ኛው ሳምንት ሐኪሙ «ልጁ ትልቅ ነው፤ ቀን እንቁረጥ» አለኝ። የመጀመሪያውን በሰላም መውለዴን አስረድቼ፣ ሌላ አስጊ ነገር አለመኖሩን ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ እንድንጠብቅ ለመንኩ። ከአምስት ቀን በኋላ በምጥ ስወልድ «ትልቅ ነው» የተባለው ልጅ 3 ኪሎ ከ200 ግራም መዘነ። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአገር ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት 2 በመቶ ሲሆኑ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ያህል ነበሩ። በገጠር ኦፕራሲዮን አጥታ የምትሞት እናት እንዳለች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ቀዶ ሕክምናን መጥላት አይደለም። ቅር ያለኝ ምክንያቱን እስክጠይቅ ድረስ የሚያስረዳኝ መጥፋቱ ነው።

ሌላው፣ ሆስፒታሉን ባስጎበኙን ቀን ቴሌቪዥኑን፣ የአስታማሚውን ሶፋና የምግብ ዝርዝሩን አሳዩን እንጂ የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ክፍሉን አላሳዩንም። ሌሊት ሰመመን ሰጪ በግቢው ያድር እንደሆነ ስጠይቅም «ሲጠራ ይመጣል» ተባልኩ። ድንገት ደም የፈሰሳት እናት የሚያስፈልጋት ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪና ደም በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ሶፋው ለዚያ ሰዓት አይጠቅማትም።

ለእህቴ የነገርኳት ማስያዣውን ከመክፈሏ በፊት ከቀኑ ጉብኝት ሌላ አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከባለቤቷ ጋር ሄዳ፣ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ እንድትጠይቅ ነው። ባለፈው ዓርብ ሄዱ። በሩን የከፈተላቸው ጥበቃ ስለ ዶክተሩ ሲጠየቅ «ደውዬ ልጥራላችሁ?» ብሏቸዋል። ማስያዣውን እስካሁን አልከፈለችም።